ሀረጎን ሲወርዱ

ደሴን ጉም ጫነው፤ ጦሳ አይታይም፤
በጧት የተነሣ ጣቱን አያምንም።
ከቧንቧ ውሃ በታች ሚኒባስ ይጣራል፣
«ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» — ሁሌ አንድ ሰው ይቀራል።
ሦስት ወሬ እንዲህ ነው፤ ደብተሬን ታቅፌ፣
የእንቅልፌን ግማሽ መስኮት አስደግፌ።
ሀረጎን ስንወርድ፣ ጥምዝምዙ ሲያልቅ፣
ተሳፋሪው ሁሉ ሹራብ ነው ሚያወልቅ።

ሥልጠናው ፎቅ ላይ ነው፣ ከፋብሪካው ጓሮ፤
ከራስ በላይ ይጮሃል የጋለ ቆርቆሮ።
ግድግዳው ላይ ሥዕል፦ ዘንባባና ባሕር፣
ነጭ አሸዋ፣ ጥላ፣ ደመና አልባ አገር።
ከሥሩ ጽሑፍ አለ፣ በቢጫ ቀለም፦
«እንግሊዝኛ ያስተምሩ፣ ፀሐይ ባለበት ዓለም።»

አረቡ የባቲው አነበበና ሳቀ፦
«እኛ ሰፈር መጥቶ ማን ከሷ ተደበቀ?
ፀሐይ ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ሰዋስው?
ባቲ ሰኞ ወርዶ ግመል ይጠይቅ ሰው!»
አስካል የወረኢሉዋ ግን ሥዕሉን ቀረበችው፤
ብርድ የሰነጠቀው እጇን ዘረጋችው፣
እሳት እንደሚሞቅ።

የጋሼ ሙሄ ሕግ አንድ ነው፦ «አትተርጉሙ፤
'ዝናብ' ማለት አይበቃም፤ ርጠቡና ቁሙ።
አሳዩ።»
ሽበሺ 'ውሻ'ን ሊያስተምር በአራት እግሩ ሄደ፤
ዘበኛው በመስኮት አይቶ ፈጣሪን ማለደ።

እኔ ዝም አልኩኝ። ያቺን ፀሐይ አውቃታለሁ።
አይ፣ አላውቃትም፤ ከሷ በታች ግን ኖሬያለሁ፣
ጅዳ፣ አራት ዓመት ተኩል፣ ከመጋረጃ ኋላ፤
የካውያ እንፋሎት ነበር የኔ ፀሐይና ጥላ።
ማቀዝቀዣው ሲያገሣ ቀንም ሌትም ሳይል፣
በረሃ መሃል ሆኜ ሹራቤን ሳልጥል።

ማታ ማታ ለልጃቸው አስጠኚ ይመጣል፤
እኔ በሩ አጠገብ፣ ሸሚዝ ይከመራል።
ካውያው ወደ ፊት ሲሄድ «አይ ጎ» እላለሁ፣
ወደ ኋላ ስስበው «አይ ዌንት» እላለሁ፣
በልቤ።
እንዲህ ነው የተማርኩት ያሁኑን ያለፈውን፣
በሰው ሸሚዝ ክንድ ላይ ደብቄ ግሡን።

ልጁ «ቤንስል» ይላል፣ «ፔ» ከከንፈሩ ጠፍቶ፤
አፌ አረመው አንድ ቀን፣ ሳላዘው ወጥቶ።
ቤቱ ጸጥ። አስጠኚው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።
«ሸሚዙ እያረረ ነው» ማዳም አለችኝ።
እውነቷን ነበር።

ዛሬ ጋሼ ሙሄ ጠመኔ ሰጡኝና፣
«ጦይባ፣ ተራሽ ነው፤ አብሽሪ!» አሉና፣
ከጠባቡ ዴስክ፣ ከኛ መሃል ተቀመጡ፣
እምቢ ያለ ጉልበታቸውን እየተቆጡ።
ርእሱ የአየር ጠባይ። «ሰን» ብዬ ጻፍኩኝ፤
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሰሌዳው ጮኸብኝ።
«ሲሰሙት አንድ ነው፤ ሲጽፉት ግን ሁለት፤
አንዱ ፀሐይ ማለት፣ አንዱ ወንድ ልጅ ማለት።»
ወሎ መቼም ለቅኔ ማብራሪያ አይጠይቅም፤
ክፍሉ «አሃ!» አለ፤ አረቡ እንኳ አልሳቀም።
አስካል እጇን አወጣች፦ «መምህርት፣ ጥያቄ፤
እዚያ ሳለሽ ያጣሽው የቱን ነው?»
ጠመኔው ተሰበረ፤ አይደለም አውቄ።
አትተርጉሙ፣ አሳዩ። ምኑን ላሳያት?

ሲራጄ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበረ።
በስልክ «እትዬ» ይለኛል፤ እንደዚያው ቀረ።
ዘንድሮ ስምንት ሆነው፤ «ፔንስል» ይላል አጥርቶ፤
የማን ጣት እንደመራው አላየሁም ከቶ።

ቅጽ ታደለን ማታ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣
«የተጓዥ ብዛት» የሚል ባዶ መስመር መጨረሻ።
እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁበት፤
ሳልሞላው አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

መነኻሪያው ጋ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤
ሹራቤ ክንዴ ላይ ነው፤ ዳገቱ ገና ነው።
«ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ረዳቱ ጮኸብኝ።
ሁለት ነን ልለው ቃጣኝ።